የማይንቀሳቀሱ ነጭ ነጥቦች

ከአዲስ አበባ ራቅ ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የግል የራጅ ማዕከል በጥገና ሠራተኝነት የተቀጠርኩ ዕለት፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ማቴዎስ መጀመሪያ ያሳዩኝ ጄነሬተሩን ወይም የራጅ ማሽኑን አልነበረም። በቀጥታ የወሰዱኝ ሐኪሟ ምስል ወደምታነብበት ጠባብ ክፍል ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ዳንቴል የለበሰ ነገር ቆሟል። ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ገለጡት።

«ታሪኩ፣ የእኔና የአንተ ቤት አንድ ላይ ቢሸጥ ይህን ስክሪን አይገዛም» አሉኝ። «በደረቅ ጨርቅ ብቻ ትጠርገዋለህ። ውሃ የለም፣ አልኮል የለም፣ ጣት የለም።»

እውነታቸውን ነው። የራጅ ስክሪን እንደ ቢሮ ኮምፒውተር ስክሪን አይደለም። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ግራጫ ሁሉ ለይቶ ያወጣል። የጡት ራጅ ላይ ሐኪም የሚፈልገው አንዳንዴ ከአሸዋ ፍሬ ያነሱ፣ አንድ ቦታ የተሰባሰቡ ነጭ ነጥቦችን ነው። እነሱን ለማየት ነው ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው።

ለዓመታት ሥራዬ መብራት ሲሄድ ኃይል የሚይዘውን ባትሪ፣ ዩፒኤሱን፣ መጠበቅ፣ የማቀዝቀዣውን ማጣሪያ ማጠብ፣ የተበጠሰ ኬብል መቀየር ነበር። ስክሪኑ ምንም አላስቸገረኝም።

አንድ ቀን ጠዋት ራጅ አንባቢዋ ሐኪማችን ዶክተር ሰላማዊት ጠራችኝ። «ታሪኩ፣ ይቺን አቧራ ጥረግልኝ፤ እኔ ስነካው አቶ ማቴዎስ ይቆጣሉ።» ጠረግኩ። አልሄደም። ጠጋ ብዬ ሳየው አቧራ አልነበረም። ስክሪን እጅግ ብዙ ከሆኑ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ነው የሚሠራው፤ እያንዳንዷ ፒክስል ትባላለች። አንዷ ስትበላሽ ወይ ጠፍታ ትቀራለች፣ ወይ በርታ ትቀራለች። እኛ ሁለቱንም የሞተ ፒክስል ነው የምንላቸው። የእኛዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም በርተው የቀሩ።

ስክሪኑን የሸጠልን የአዲስ አበባ ድርጅት ጋ ደወልኩ። የቴክኒክ ኃላፊው ትሁት ሰው ነው።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ሦስት።»

«ሦስት ጉድለት አይባልም። ፋብሪካው ከዚያ በላይ ይፈቅዳል።»

«የጡት ራጅ ነው እኮ የምናነብበት።»

«ገብቶኛል ወንድሜ። ሦስት ግን ጉድለት አይባልም።»

ለማንኛውም ፎቶ ላክ አለኝ። በስልክ አንስቼ ላክሁ፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ዥንጉርጉር መስመር ብቻ ሆነ። ደግሜ ላክሁ። «አይታይም» አለኝ። ክፍሉን አጨልሜ፣ ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፌ እንደገና አነሳሁ። «አሁን ታየ፤ ሦስት ናቸው፤ ጉድለት አይባልም» አለኝ።

በዚህ መሃል መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የስክሪን ሐኪም ሆነ። ዘበኛው «ከጀርባው መታ መታ አድርገው» አሉኝ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ለሁለት ቀን አጥፍታችሁ አሳርፉት አለች። እኔ ጥቁርና ነጭ እያፈራረቀ የሚያበራ ፕሮግራም ጭኜ አሳደርኩት፤ አንዷ ነጥብ ጠፋች፤ ደስ ብሎን ሳንጨርስ ከሰዓት ተመልሳ በራች።

አቶ ማቴዎስ ግን ቴሌቪዥን የሚጠግን ዘመድ አላቸው። ዘመድየው በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ይለቃል ብሏቸዋል። እኔ ምሳ ወጥቼ ስመለስ ዳንቴሉ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እሳቸው ስክሪኑ ፊት ቆመው አውራ ጣታቸውን ያያሉ። ሦስቱ ነጥቦች እዚያው ናቸው። ከጎናቸው አንድ እፍኝ የሚሆኑ አዳዲስ ነጥቦች ተሰባስበው በርተዋል።

«ትንሽ ነው የነካሁት» አሉኝ።

እንደገና ደወልኩ። ኃላፊው «ቁጥሩ አሁን አልፏል» ሲለኝ እፎይ ልል ነበር። «ነገር ግን አንድ ቦታ ስለተሰባሰበ የግፊት ጉዳት ይመስላል። እሱን ዋስትናው አይሸፍንም። በመጀመሪያው ካርቶን አሽጋችሁ ላኩት፣ አይተን እንወስናለን።»

ካርቶኑን አቶ ማቴዎስ ቤታቸው ወስደውት ዶሮ ታቅፋበታለች። ይህን ለኃላፊው አልነገርኩትም። ካርቶኑ ቢኖርም አይላክም ነበር። «ስክሪኑ ከሄደ በምን እንሠራለን?» ይላሉ አቶ ማቴዎስ። «ሌላ ይገዛ» ስል ወሬ ይቀይራሉ። «የጡት ራጅ ለጊዜው ይቁም» ስል «አንተ እኮ የጥገና ሠራተኛ ነህ» ይሉኛል።

ዶክተር ሰላማዊት ነጥቦቹን በቃሏ አወቀቻቸው። ምስል ስትከፍት በማውዝ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትጎትተዋለች። ከምስሉ ጋር የሄደ ነጥብ የታካሚዋ ነው፤ ባለበት የቀረ የስክሪኑ ነው። እኔም «ምስሉን አንቀሳቅሱ፣ ነጥቦቹ የስክሪን ናቸው» ብዬ ጽፌ ጠርዙ ላይ ለጠፍኩ። አቶ ማቴዎስ ቀደዱት። «ታካሚ ቢያየውስ?» ሌላ ለጠፍኩ። እሱንም ቀደዱት።

ከዚያ ዶክተር ሰላማዊት ለሥልጠና ሄደች። በምትኩ ለጥቂት ቀናት ዶክተር ቢኒያም የሚባል ሐኪም መጣ። የመጣ ዕለት ነጥቦቹን በጣቴ እያመለከትኩ አሳየሁት። አመሰገነኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ እያንዳንዱን ምስል ሲጎትት አየዋለሁ። ኋላ ወረፋው ኮሪደሩን ሞላው፣ እሱም ብቻውን ነበር።

በመጨረሻው ቀኑ ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ አምፖል ስቀይር አንዲት ሴትዮ ከመሰላሉ ሥር ቆሙ። ውጤት ሲሰጣቸው «ወይዘሮ አስቴር» ተብለው ሲጠሩ ሰምቻለሁ፤ ኋላ እንዳወቅሁት እዚሁ ከተማችን ታቦር ሰፈር የሚኖሩ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። የውጤት ፖስታ በደረታቸው ይዘዋል።

«ወንድሜ፣ የአዲስ አበባ መኪና ጠዋት ነው የሚወጣው?» አሉኝ።

«አዎ፣ በጠዋት መናኸሪያ ይድረሱ» አልኳቸው። ሌላ ምንም አላወራንም።

በማግስቱ ማለዳ ዶክተር ሰላማዊት ተመለሰች። በሌለችበት የተጻፉትን ውጤቶች እያየች ሳለ ድምጿ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «ታሪኩ! ና እስቲ!»

ስክሪኑ ላይ የጡት ራጅ ተከፍቷል። ሪፖርቱ የተሰባሰቡ ነጭ ነጥቦች እንዳሉ፣ ታካሚዋ በአስቸኳይ አዲስ አበባ ሄደው ናሙና እንዲሰጡ ይላል። ዶክተር ማውዙን ይዛ ጎተተችው። ምስሉ ሄደ። ነጥቦቹ ቆሙ። ከዚያ ያንኑ ምስል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። ንጹሕ ነው።

ስሙን አነበብኩ። አስቴር። «ትናንት መኪና የጠየቁኝ ሴትዮ ናቸው» አልኩ።

ስልካቸው ዝግ ነው። ባጃጅ ይዤ ወደ መናኸሪያ በረርኩ። ከመኪና መኪና እየሮጥኩ፣ በመስኮት አንገቴን እያስገባሁ «ወይዘሮ አስቴር!» እላለሁ። ረዳቶቹ ሌባ የማሳድድ መስሏቸው ያፈጣሉ። ሊሞላ አንድ ሁለት ሰው የቀረው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከወንድማቸው ጎን፣ ነጠላቸውን ተከናንበው አገኘኋቸው። ዓይናቸው አብጧል።

የጥገና ሠራተኛ ስለ ሰው ጡት ምን ብሎ ይናገራል? ዶክተር ጋ ደውዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ስልኩን መለሱልኝ።

«ስክሪን ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ የስክሪን ብልሽት ነው።»

«እህቴ በዚህ በሽታ ነው የሞተችው። ትናንት ልጆቼን ለማን እንደምተው ስከፋፍል ነው ያመሸሁት። አሁን ስክሪን ነው ትለኛለህ?»

ከሚኒባሱ ወረዱ። ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። «ውሰደኝና አሳየኝ» አሉ።

ማዕከሉ ስንደርስ ዶክተር ምስሉን ፊታቸው ጎተተችላቸው። ጠጋ ብለው አዩ። «እነዚህ ናቸው?» አሉና በሌባ ጣታቸው ነጥቦቹን ነኩ። አቶ ማቴዎስ ከኋላ ቆመው ስለ ጣቱ ምንም አላሉም።

«በጣም ይቅርታ፣ እናታችን። እናስተካክለዋለን» አሉ አቶ ማቴዎስ።

«መቼ?»

«አዲስ አበባ ካለው ድርጅት ጋር እየተነጋገርን ነው።»

ወይዘሮ አስቴር የሐኪሟን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። የመንገድ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ይነቀል» አሉ። «እስኪነቀል አልነሳም። ውጭ ኮሪደር ላይ የተቀመጡትን ሴቶች አይቻቸው ነው የገባሁት።»

አቶ ማቴዎስ ዶክተርን አዩ። እሷ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። እኔን አዩኝ። ስንት ጊዜ ለምኜ ያጣሁትን ነገር በአንድ ቃል ጨረሱት። «ንቀለው» አሉ።

ነቀልኩት። ወይዘሮ አስቴር ገመዱን በእጄ እስክጠቀልል ድረስ አይተው ተነሱ። በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ምርመራውን ደገሙት፤ ደህና ናቸው። ዶክተር ቢኒያም ስልክ ደውሎ ይቅርታ ጠይቋቸዋል፤ የታረመውን ሪፖርትም ፈርሞ ልኳል። በእነዚያ ቀናት የተነበቡት ምስሎች በሙሉ እንደገና ታዩ። የጡት ራጅ አገልግሎታችን ለሳምንታት ተዘጋ። አቶ ማቴዎስ ሲያማርሩ ከረሙ፤ በመጨረሻ ከሌላ ሻጭ አዲስ ስክሪን ገዙ። የተነቀለውን በሌላ ካርቶን ላክንለት፤ ያ ትሁት ኃላፊ ግን እስከ ዛሬ አልወሰነም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። አዲስ ስክሪን ሲመጣ ሻጩ ሳይሄድ አብርታችሁ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ገጽ ላይ እዩት፤ ከዚያ ፈርሙ። ሰው የሚመረመርበት ስክሪን ላይ ፒክስል ከሞተ ደግሞ መጀመሪያ ንቀሉት። ስለ ዋስትናው ከተነቀለ በኋላ መነጋገር ይቻላል።