ሁለት ፊት ያለው ሳንቃ

ፕሮስፔር ጎድሪዮን ፓሪስ ውስጥ፣ በእንጨት ሠራተኞች ሰፈር፣ አርባ ዓመት ሙሉ ጌጥ ሲቀርጽ ኖረ። ቅርጹን በጠንካራ ሳንቃ ላይ ወደ ውስጥ ይፈለፍላል፤ ጀሶ ይሞላበታል፤ ከጥንቷ ሮማ የተቀዳው ጌጥ ወጥቶ የሀብታም ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። ከጣሪያው ሥር የሚቀመጡትን ግን ከልቡ ይንቃቸው ነበር።

«ሮማ ሞታለች» ይላታል ሚስቱን ሴሌስትን። «የሞተ ሰው ልብሴን መልሱ አይልም። እነዚህም እየተቀባበሉ ይለብሱታል።»

«ሰፊያቸው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ እንጀራዬ ነው። እነሱ ግን እናምናለን ይላሉ፤ ያውም እስከሚቀጥለው አዋጅ።»

ንጉሠ ነገሥቱ ተሸንፎ ንጉሡ ለሁለተኛ ጊዜ ከስደት በተመለሰ በሳምንቱ፣ መርማሪው ሙሴ ላምብሎ የንጉሡን ወገን ነጭ ጥብጣብ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ሁለት ወታደር አስከትሎ ሱቁ ገባ። የአብዮቱና የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ሁሉ እንዲቃጠል ታዟል። የንጉሠ ነገሥቱን ንስሮች ለቃቅሞ ሲጨርስ፣ መጥረቢያ የተሰካበት የበትር ነዶ ወደተቀረጸበት ሳንቃ እጁን ሰደደ። የሮማ ዳኞች ምልክት የነበረውን ይህን ነዶ ሪፐብሊኩ የራሱ አድርጎት ነበር።

ፕሮስፔር ፈጥኖ ቀረበ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ቀርጾ ዋና ባለሙያ ያሰኘው ሥራው፣ የንጉሡ ቤት ምልክት የሆነው አበባ፣ ከዚያው ሳንቃ ጀርባ ላይ ነበር። በአብዮቱ የሽብር ዘመን አበባውን አቃጥል ሲባል፣ የሙያው ሰው ጥሩ እንጨት አይጥልምና፣ ገልብጦ የበትሩን ነዶ ጀርባው ላይ ቀረጸበት።

«እሱን ይተዉልኝ፣ ዜጋ ላምብሎ።»

መርማሪው በድንጋጤ ወታደሮቹን ገልመጥ አደረገ። «ማንን ነው ዜጋ የምትለው፣ አንተ ሽማግሌ!»

«የአብዮቱ ዘመን አጠራር ልማድ ሆኖብኝ ነው። ያኔ ቀይ ቆብ አድርገው አበባውን አቃጥል ያሉኝ እርስዎ ነበሩ። ይኸው፣ ከጀርባው አለ።»

ላምብሎ ሳንቃውን ገለበጠው። አበባውን ሲያይ ማቃጠሉን ተወ።

«እንግዲያው... በትሩን ላገው።»

«መላጊያው ይኸው፣ እርስዎ ይላጉት። ሳንቃው ስስ ነው፤ አበባው ይበሳል። የንጉሡን አበባ የበሳ ሰው ምን እንደሚደረግ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።»

አንደኛው ወታደር ሳቁን በሳል ሸፈነ። ላምብሎ መላጊያውን ለአፍታ ይዞት ቆመና መልሶ አስቀመጠው።

«አበባውን ወደ ውጭ አድርገህ ስቀለው» ብሎ ወጣ።

ፕሮስፔር ሰቀለው። ሴሌስት ከኋላው ቆማ ታየዋለች።

«ምስማሩን አጥብቀው እንጂ፣ ይወድቃል!»

«ምን አደከመኝ» አላት። «ነገ መንቀሌ አይቀር።»