የማነጣጠሪያው መነጽር

ትናንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብረት የሚሞርድ ሰው ደጃፍ ሳልፍ የሞረዱ ድምፅ አስቆመኝ። አባቴ ትዝ አለኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ዝንጀሮ በቆሏችንን ሲፈጅብን አባቴ አሮጌ ጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ሊገጥም ተነሣ። ጠመንጃዋ ለመነጽር የተሠራች ስላልነበረች ብረት ሞርዶ ማቀፊያ አበጀላት። ብሎኑን አጥብቆ ዛፍ ላይ ወደ ሰቀለው ጣሳ ተኮሰ፤ ሳተ። ፈትቶ እንደገና ገጠመው፤ አሁንም ሳተ። በአራተኛው ሞረዱን ወረወረው።

"የተረገመ ብረት!"

እናቴ ከደጃፉ ሆና ስታየው ቆይታ፣ "መነጽር የሚያስፈልጋት እንኳ ጠመንጃዋ አትመስለኝም" አለችው።

አባቴ ተቆጣ። እኔ ነገሩ ስላልገባኝ ጎንበስ ብዬ በመነጽሩ አየሁ። ጣሳው መሃል ለመሃል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"አባዬ፣ ቀጥ ብሏል እኮ!" አልኩት በደስታ።

እሱ ግን መነጽሩን ፈትቶ ቤት ገባ፤ ዳግመኛም አልገጠመው።

ያኔ ሐኪም ቤት ሄዶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም እበግናለሁ። አሁን እጁን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሳደርሰው፣ ፀሐይ አናታችንን እየበሳችው፣ "ዛሬ ደግሞ ጉም ወርዷል" ይለኛል።