ግራሽን አይተሽ ተሻገሪ

ከሰቆጣ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ በአንድ እህል ጫኝ አይሱዙ ላይ ነው። ልጄ ትብለጥ አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ በወሊድ ካረፈች ወዲህ ያሳደገቻት ታላቅ እህቴ አበራሽ ናት። እንደተኛች ልስማት ጎንበስ ስል እህቴ ክንዴን ያዘችኝና «ተዋት ወንድምዓለም፤ ነቅታ ካለቀሰች እግርህ አይነሳም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሳልስማት ወጣሁ።

ለምን ወጣህ ለምትሉኝ፣ መምህር ነበርኩ፤ በግምገማ ላይ አፌ አላርፍ ብሎ የተናገርኩት ነገር ስሜን አስጠቆረው። ሁለት ጊዜ ታሰርኩ፣ ሦስተኛውን አልጠበቅኩም። በመተማ አድርጌ ሱዳን ሁለት ዓመት ከረምኩና ለንደን ገባሁ። ጉዞውን አልተርክላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት አያምነኝም።

ሰቆጣ ሳለሁ ከማስተምረው ሁሉ የምወደው ልጆች መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ ማስተማር ነበር። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በአመድ መንገድ አሰምርና ግማሹን ተማሪ መኪና፣ ግማሹን እግረኛ አደርገዋለሁ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ብስክሌቱን ያውሰናል። መኪና የሆኑት ልጆች ጥሩንባ እየነፉ ሲሮጡ አቧራው አይጣል ነው። አንድ የተማሪ አባት በአጥር በኩል አይተውን «መምህር፣ እኛ ልጆቻችንን የምንጠብቀው ከጅብ ነው። መኪናውማ ገና መቼ መጣና!» አሉኝ።

«ይመጣል አባቴ» አልኳቸው። «ሲመጣም በግራ በኩል ነው የሚደርስባቸው።»

ሕጉ ቀላል ነበር። በእኛ አገር መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ እስከ መንገዱ መሃል ግራህን፣ ከመሃል ወዲያ ቀኝህን እያየህ ትሻገራለህ። ትብለጥ ገና ፊደል ሳትቆጥር የክፍሌ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ከተማሪዎቹ ጋር ትደግመው ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

የለንደን ብርድ የእኛን የክረምት ብርድ እንዳይመስላችሁ። የእኛው እሳት ዳር ሲቀመጡ ይለቃል፤ የዚህኛው ልብስ ውስጥ አብሮ ያድራል። ዳቦው ጥጥ ጥጥ ይላል። ግድግዳ የሚጋራኝ ጎረቤቴ አንድ ቀን ቆሜ እንደ አገሬ ሰላምታ ባበዛበት «ምን ሆንክ? ሐኪም ልጥራልህ?» አለኝ።

የሥራ ማስገኛው ቢሮ ያለችው ሴትዮ ደግሞ በአስተርጓሚ «ሙያህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መምህር። ልጆች መንገድ እንዲሻገሩ አስተምር ነበር።»

«ከተማችሁ ስንት መኪና አለው?»

«በገበያ ቀን ነው ወይስ በሌላው ቀን?»

አስተርጓሚው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ልምድ የለውም ብላ ጻፈችና ሆቴል ዕቃ አጣቢ አደረገችኝ።

እዚህ መኪናው ግራውን ይዞ እንደሚሄድ ያወቅሁት በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ሊገጨኝ ሲል ነው። በራሴ ሳቅሁ። አንገቴን እንደገና አስተማርኩት፣ በዚያው ረሳሁት።

ያን ጊዜ ሰቆጣ ስልክ መደወል ቀጠሮ ነበረው። ቴሌ ቢሮ ትደውላለህ፣ መልእክተኛ ሄዶ ሰውየውን ይጠራል፣ በቀጠሮው እንደገና ትደውላለህ። እህቴን ባገኘኋት ቁጥር የመጨረሻ ቃሌ አንድ ነበር፦ መኪናው በዝቷል አሉ፣ ትብለጥ ግራዋን አይታ ትሻገር።

«ኧረ ከአባታችን ሆይ ጋር ነው የማስደግማት» ትለኝ ነበር። እህቴ አድርጊ ያሏትን የምታደርግ ሰው ናት።

ወረቀቱ አልቆ ትብለጥ ስትመጣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ጉልበቴን ልትስም ስትጎነብስ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አነሳኋትና ያኔ ያልሳምኳትን ሳምኳት። ሁለት ወር ሙሉ እጇን ይዤ ትምህርት ቤት አደረስኳት። እጇ በእጄ ስለነበረ ማስተማሩ አልታየኝም። ያን ሁሉ የሰው ልጅ ያስተማርኩ ሰው፣ ለገዛ ልጄ እዚህ አገር መጀመሪያ ቀኝሽን እዪ አላልኳትም።

አንድ ጠዋት «አባባ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ብቻዬን ልሂድ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እስከ በሩ እንኳን አልሸኘኋትም፤ ሥራ ረፍዶብኝ ነበር።

በዚያው ቀን ሆቴሉ ድረስ የመጣው ፖሊስ ትሑት ወጣት ነበር። ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ሾፌሩ ሳታይ ገባችብኝ ይላል» አለኝ።

«አይታለች» አልኩት።

«ወዴት?»

«እንዳስተማርኳት ወደ ግራ።»

ቅጹ ላይ ሌላ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አልጠየቅኩትም። እዚሁ ቀበርናት፤ የቆምነው ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነበርን።

እንግዲህ መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ባለበት ነው። ስለዚህ የድሮ ባልደረባዬ መምህር ካሳ ቴሌ እንዲጠሩልኝ ቀጠሮ ያዝኩ። ለእሳቸው ልነግራቸውና እሳቸው ቄሱንና ጎረቤቱን ይዘው በማግስቱ እህቴ ቤት እንዲሄዱ ነበር ሐሳቤ። በቀጠሮው ደወልኩ።

«ሃሎ? ወንድምዓለም?» የእህቴ ድምፅ ነው። መልእክተኛው መምህር ካሳን ሊጠራ ሲያልፍ ደጃፏ ላይ አግኝቷት ከለንደን ነው ብሎ ነግሯት ኖሯል። ቀድማቸው ደርሳለች።

«እንደምነሽ እታለም» አልኳት።

«እግዜር ይመስገን። ድምፅህ ምነው? ጉንፋን ነው?»

«ጉንፋን ነው።»

«ልጄስ? እስቲ አገናኘኝ፤ ድምፅዋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።»

የሚይዛት ሰው በአጠገቧ አልነበረም። ከወደቀችም የቴሌው ሲሚንቶ ላይ ነው የምትወድቀው።

«ትምህርት ቤት ናት» አልኳት።

«እሰይ፣ ትማር። በስንት ሰዓት ትወጣለች?»

«በዘጠኝ ሰዓት።»

«እንግዲያው ስትገባ ደውሉልኝ» አለችኝ። «ሥራም የለኝ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»