አባዬ በቶርኖ የሠራት ሽጉጥ

አባዬ ባሕር ዳር ባለ ፋብሪካ የቶርኖ ባለሙያ ነበር። ሽጉጧን የሠራት በቂም ነው። የአያቴ ሽጉጥ ባሩድ በፊት በኩል የምትጎርስ የጥንት ባለ ስድስት ነበረች፤ አያቴ ሲሞቱ ለአባዬ ታላቅ ወንድም ደርሳ እሳቸው ዘንድ አንበሳሜ ቀረች። አባዬ ለአንድ ሳምንት ተውሶ አመጣት፣ ለካት፣ በወረቀት ሣላት፣ መለሰላቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ ብረት እየቀረጸ አምሳያዋን አወጣ። ቀበሌ ሄዶ ሲያስመዘግባት ጸሐፊው ሳቀና «ይቺስ ሰው አትገድልም» አለው። አባዬ አልሳቀም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔና አባዬ ሽጉጧን በዘንቢል ይዘን በጢስ ዓባይ መንገድ እንሄድ ነበር። ከመንገዱ ገባ ብሎ የተተወ የድንጋይ ማውጫ አለ። ታናሽ ወንድሜ አይመጣም፤ ኳስ ይበልጥበታል። የማጎርሰው እኔ ነበርሁ። በስድስቱም ቀዳዳ ባሩዱን እጨምራለሁ፣ በላዩ የእርሳስ ድብልብል እጠቀጥቃለሁ፣ ከዚያ አፋቸውን በበግ ሞራ እደፍናለሁ።

«ሞራውን እንዳትረሽ» ይለኝ ነበር አባዬ። «ካልተደፈነ የአንዱ እሳት ወደ ሌላው ይዘላል። ስድስቱም አንድ ላይ ከፈነዱ እጅ ይዘው ይሄዳሉ።»

አንድ ጊዜም አልረሳሁ። የዘይት ጀሪካን በሠላሳ እርምጃ እመታ ነበር። ነጩ ጭስ እስኪገለጥ ቆመን እንጠብቃለን፤ ልብሳችን እስከ ማክሰኞ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከአባዬ ጋር ያን ያህል የተቀራረብሁበት ሌላ ጊዜ የለኝም።

ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ በያዝሁ በዓመቱ ኩላሊቱ ታመመ። አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ የሽጉጧን ነገር አነሣ።

«ለወንድምሽ ናት እንግዲህ» አለኝ።

«እሱ እኮ ነክቷትም አያውቅ።»

«አንቺ ነገ ታገቢያለሽ። ከቤት ትወጫለሽ።»

የሕመምተኛ አፍ ነው ብዬ ልተወው ሞከርሁ፤ ግን በደህና ጊዜውም ቢሆን ያንኑ እንደሚል አውቅ ነበር።

ትውልድ አገሩ አንበሳሜ ቀበርነው። ያኔ ጸጥታው ገና አልደፈረሰም፤ ለቅሶ ላይ ይተኮሳል። አጎቴ የአያቴን ሽጉጥ ታጥቀው ከለቀስተኛው ፊት ቆመው ነበር። «የአባቱን ሥራ ልጁ ይተኩስለት» አሉ። ሽጉጧን ከዘንቢሉ አውጥቼ ላጎርስ ስቀመጥ እጄን ያዙኝ።

«ለወንድምሽ ስጪው፤ በለቅሶ ላይ ሴት መሣሪያ አትነካም።»

«አጎርሼ ልስጠው፤ እሱ አያውቅበትም፣ ጋሼ።»

«ወንድ ልጅ ባሩድ ማጉረስ አይጠፋውም። ዞር በይ።»

ዞር አልሁ። ግን ወንድሜን አየሁት። ባሩዱን ጨመረ፣ እርሳሱን ጠቀጠቀ፣ የሞራውን ቆርቆሮ ሳይከፍት መሬት ላይ ተወው። ሁለት እርምጃ ነው የሚያራርቀን። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ታውቃላችሁ ብላችኋል፣ ተኩሱ» አልሁ በሆዴ፤ አፌን ዘጋሁ።

የመጀመሪያውን ሲስብ ሦስት ወይም አራቱ አብረው ፈነዱ። ጭሱ ሲገለጥ ወንድሜ ተንበርክኮ ግራ እጁን ደረቱ ላይ ጨምቆ ይዟል። ሽጉጧን ከፊት በኩል ደግፎ የያዘበት እጅ ነው። ነጠላዬን ቀድጄ ያሰርሁለት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ስንደርስ ሁለት ጣቶቹን ማትረፍ አልተቻለም።

አጎቴ ሽጉጧን በዚያው ሳምንት ለቀበሌው አስረከቧት። «የቶርኖ ብረት ምን ይሆናል፤ ሥራው ነው የተበላሸው» እያሉ ለዘመድ ሁሉ አወሩ። የአባዬ ሥራ እንከን እንዳልነበረበት የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ያን ለመናገር የራሴን መናገር ነበረብኝ፤ ስለዚህ ስሙ ሲጠፋ ዝም ብዬ ሰማሁ።

ወንድሜ አሁን ባጃጅ ይነዳል። በሦስት ጣት መሪ መያዝ ለምዶታል፤ በእኔ ላይ ቂም የለውም፤ ሲመሽብኝ እየመጣ ከመሥሪያ ቤት ይወስደኛል። ይህ ነው የሚከብደኝ።

እናቴ ብቻ ጠይቃኛለች፣ አንድ ቀን ልብስ እያጠብን፣ ቀና ሳትል።

«ሲያጎርስ እያየሽው ነበር?»

«አላየሁም» አልኋት።

ልብሱን መጭመቋን ቀጠለች። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ያመነችኝም አይመስለኝም።