ድርቤ የማትጠራው ስም

ድርቤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከአኖ ወደ ነቀምቴ ስትዳር የገባችበት ቤት ሴት የሌለበት ቤት ነበር። ይህን ለማወቅ ከበሩ ማለፍ አያስፈልግም፤ የታጠበው ልብስ በአጥሩ ላይ እንዴት እንደተሰጣ ማየት ይበቃ ነበር። ባሏ ተረፋ ልብስ ሰፊ ነው። እናቱ ሞታለች፤ ከእሱ ሌላ አባቱና ገና ስድስት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሙ ነበሩ። ሦስቱም አዲሷን ሙሽራ የሚያዩት የተራበ ሰው የሌላውን ጓዳ እንደሚያይ ነው። እሷም ነጠላዋን አገልድማ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን ከላይ እስከ ታች አራገፈችው።

እናቷ ስትሸኛት ብዙ አልመከረቻትም። የባልሽን አባትና የወንድሙን ስም በአፍሽ እንዳታስገቢ፣ ሌላው በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ነበር ያለቻት። ይህን በኦሮምኛ ላጉ ይሉታል። ምራት የባሏን አባት፣ የባሏንም ወንድሞች በስማቸው አትጠራም፤ ቢኖሩም ባይኖሩም፣ ቢሞቱም እንኳ። ለማያውቀው ሰው ፍርሃት ይመስለዋል። ለሚያውቀው ግን ምራት የዚያ ቤት ሰው መሆኗን በየቀኑ የምትናገርበት መንገድ ነው፤ ያውም ባለመናገር።

የባሏ አባት ስም ጉሉማ ነው። በኦሮምኛ ፈረስ ጋለበ ለማለት «ጉሉፌ» ይባላል፤ ሁለቱ ይቀራረባሉና ድርቤ ያንንም ቃል ተወችው። በእሷ አፍ ፈረስ ሁሉ በረረ እንጂ ጋልቦ አያውቅም። ጎረቤቷ እማዋይሽ፣ ከሸዋ የመጣች ሳቂታ ሴት፣ የሚበር ፈረስ ያየሁት በእናንተ ቤት ብቻ ነው እያለች ታሾፍባት ነበር። ድርቤም ትስቅና መልሳ ፈረሱን ታበርረዋለች።

ትንሹ ልጅ ስሙ ዋጋሪ ነው፤ እሱንም መጥራት አትችልም። ስለዚህ ኡርጂ አለችው፤ ኮከብ ማለት ነው። ሙጀሌውን ከእግሩ ያወጣችለት እሷ ናት። ኩፍኝ ሲይዘው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጀርባዋ አልወረደም። በኋላ አራት ልጆች ወለደች፤ እናትነትን የተማረችው ግን በእሱ ነው። ከልጆቿ አንዱ ሥጋ ለምን ለእሱ ይበዛል ብሎ ሲያኮርፍ፣ እሱ ቀድሞህ የመጣ ልጄ ነው ብላ አፉን አስያዘችው። ይህን የተናገረችው ከልቧ ነበር።

ሽማግሌው የመጨረሻ ሦስት ዓመታቸውን አልጋ ላይ አሳለፉ። ያጠበቻቸውም ያጎረሰቻቸውም ድርቤ ናት። ሊሞቱ ሲሉ ሦስት ሽማግሌዎች አስጠርተው፣ ቤቱ የተረፋና የድርቤ ነው፣ ትንሹም ራሱን እስኪችል ከእነሱ ጋር ይኑር አሉ። ወረቀት የጻፈ የለም። በዚያ ዘመን የሟች ቃል ይበቃል ብሎ የሚያምን ሰው ገና አላለቀም ነበር።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ተረፋ በድንገተኛ ሕመም ሞተ። ድርቤ አራት ልጆች ይዛ ቀረች። የስፌት መኪናውን መርገጥ ተማረች፤ የተማሪ ቁምጣ እየሰፋች፣ ጓሮዋን እየኮተኮተች ቤቱን እንዳለ አቆመችው። ዋጋሪ በዚያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በአንድ የቡና መጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሯል። እጮኛም አለችው። የእጮኛው ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ቤቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገረ ፈጅ ገባ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ ሰው በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ አይጠፋም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ዋጋሪን አንተ እኮ የአባትህ ልጅ ነህ፣ መብትህ ነው እያለ አለሳልሶ ወሰደው። የጻፈለትም ማመልከቻ እንዲህ ይላል፤ ድርቤ የተባለችው ሴት አባቴን ለማስታመም የገባች የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከሟች ወንድሜ ጋር ጋብቻ የላትም፤ ቤቱን ለቃ ትውጣ። ዋጋሪ ግማሹን አነበበ፤ ግማሹን ለማንበብ አፈረና ፈረመ።

መጥሪያው ሲደርሳት ድርቤ ለእማዋይሽ አስነበበችው። እማዋይሽ «ሠራተኛ» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ድርቤ ግን አላለቀሰችም። ዋጋሪ ራቱን በልቶ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ነው ጓዳ ገብታ ብቻዋን የተቀመጠችው። ቤቱ ከሄደ አራቱን ልጆች ለየዘመዱ ከማከፋፈል ሌላ መንገድ አልነበራትም።

በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤቱ ሞልቷል። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስተኛው ጆሮው አይሰማም። የቀራት ምስክር የራሷ ቃል ብቻ ነው። ዳኛው በቅርቡ ከሸዋ የመጡ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ነበሩ። ቤቱን ከማን አገኛችሁ ብለው በአስተርጓሚው በኩል ጠየቋት። ከባሌ አባት፣ አለች። ስማቸው ማን ይባላል ሲሏት ዝም አለች።

ደግመው ጠየቋት፤ አሁንም ዝም። አስተርጓሚው የነቀምቴ ልጅ ነውና ነገሩ ገብቶት አንገቱን ደፋ፤ ጠጋ ብሎም ለዳኛው ስለ ላጉ ነገራቸው። ዳኛው ባህሉን እንደሚያከብሩ፣ መዝገቡ ግን ስም እንደሚፈልግ፣ አስተርጓሚም ምስክር ሊሆን እንደማይችል ተናገሩ። ነገረ ፈጁ ይህን ጊዜ ብድግ አለ።

«ክቡር ዳኛ፣ የማታውቀውን ከየት ታምጣው? የቤቱ ሰው ብትሆን ስሙን ታውቀው ነበር።»

ድርቤ አስተርጓሚው እስኪነግራት አልጠበቀችም፤ ይህን ያህል አማርኛ ትሰማለች። በአሥራ ስድስት ዓመት ኑሮዋ፣ በምጥ ጊዜ እንኳ ያላመለጣትን ስም አሁን ካላወጣችው ልጆቿ ይበተናሉ። ካወጣችው ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስታጥባቸው የመረቋትን ሽማግሌ በሰው ፊት አዋረደች ማለት ነው። ልጆቿ በለጡባት። የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ አፏን ከፈተች።

«ጉሉማ ቀነዓ ይባላሉ» አለ ዋጋሪ።

ተነሥቶ ቆሟል። ነገረ ፈጁ ኮቱን ይዞ ቢጎትተውም አልተቀመጠም።

«አባቴ ናቸው። እሷ አትጠራቸውም፤ ምራታቸው ናት።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። አሁን ያልከው ማመልከቻህን እንደሚያፈርሰው ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ዋጋሪ አውቃለሁ አለ። የመዝገብ ጸሐፊው ቃሉን አንድም ሳያስቀር ጻፈው፤ ቤቱም ከምሳ በፊት ለድርቤና ለልጆቿ ተወሰነ።

ወደ ቤት ሲወርዱ እሷ ከፊት፣ እሱ ጥቂት ርቆ ከኋላ ነበር። ፍርድ ቤት አብራት የመጣችው እማዋይሽ ነገሩ ገብቷት በሌላ መንገድ ሄደች። ድርቤ ደስ አላላትም። ደክሟታል፤ ተቆጥታለችም። ያሳደገችው ልጅ ሠራተኛ ብሏት ፈርሟልና ዳኛ ያንን አይሽርላትም። ገበያው ጥግ ሲደርሱ ዋጋሪ ደረሰባት።

«ኣዴ፣ እናቴ፣ ዝም ብል ኖሮ ትጠሪያቸው ነበር?»

ድርቤ ቆመች። ፊቱን አየችው፤ ውሸት ልትነግረው አልፈለገችም።

«እጠራቸው ነበር» አለችው። «እሳቸውን ከጠራሁ በኋላ ደግሞ አንተንም ኡርጂ ማለቴን ትቼ በስምህ እጠራህ ነበር።»

ዋጋሪ በመንገዱ ዳር፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየው፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ድርቤ ዝም በል አላለችውም፤ እስኪጨርስ ግን ጠበቀችው።