ከጆንያው መሃል

የበረኪና ሽታ ዛሬም ባልጠበቅኩት ቦታ ይመጣብኛል። የኮሌጃችን ጽዳት ሠራተኛ ጠዋት ኮሪደሩን ስትወለውል አፍንጫዬን ይመታኝና ወዲያው ከሥሩ ሌላ ሽታ ተከትሎት ይነሣል፣ በደንብ ያልደረቀ የጀንፈል ቡና ሽታ፣ ጣፈጥ ብሎ ኮምጠጥ የሚል፣ ሊበላሽ ጥቂት የቀረው ፍሬ የሚመስል። እነዚህን ሁለቱን አብሮ የሚሸት ቤት በዓለም ላይ የእኛ ብቻ ይመስለኛል። በኮሮናው ዓመት፣ ጅማ መንደራ ቆጪ ካለው ቤታችን ጓሮ፣ አባቴ ቡና የሚያከማችበት መጋዘን ውስጥ ብቻዬን እተኛ ስለነበር ሁለቱም ሽታዎች ልብሴ ላይ ውለው ያድሩ ነበር። ለምን እዚያ እተኛ እንደነበር ስናገር ሰዎች ይስቃሉ። እኔ ግን ነገሩ የተወሰነበትን ቀን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ክው እላለሁ።

አባቴ የቡና ሰብሳቢ ነው። በሊሙ ገነት በኩል ካሉ ገበሬዎች ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው ፀሐይ ላይ የደረቀ ቡና፣ እየገዛ መጋዘኑ ውስጥ ያከማችና ለትልልቅ ነጋዴዎች ይሸጥ ነበር። ነጋዴዎቹ ናሙና ሳያዩ አንድ ጆንያ አያስነሱም፤ ስለዚህ አባ ጫፉ የሾለ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ብረት ነበረው፣ በእሱ ጆንያውን ጎኑ ላይ ወግቶ ጥቂት ፍሬ ያወጣና በላስቲክ ቋጥሮ አስቀድሞ ይልካል፣ ናሙናው ደህና ነው ከተባለ ጭነቱ ይከተላል። ከጆንያው አፍ አይወስድም፣ ገበሬ ያማረውን ከላይ ያደርጋላ፤ ከሥሩም አይወስድም፣ እርጥበት የሚነካው የታችኛውን ነው። እኛ ልጆቹ ብረቱን ለመያዝ ስንጋፋ «ናሙና ከመሃል ነው» እያለ እጃችንን ወደ መሃል ይመራልን ነበር።

ልጆቹ ሦስት ነበርን። ታላቃችን ሃያት አሥረኛ ክፍል ነበረች፣ ከክፍሏ አንደኝነትን ለማንም አሳልፋ የማትሰጥ፣ አባ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጠራ እንግሊዝኛ የሚያስነብባት። ትንሹ አብዲ ገና አንደኛ ክፍል ገብቶ ነበር፣ እሱ ደግሞ የእናቴ ዓይን ማረፊያ ነው። እኔ፣ ሰሚራ፣ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ መሃል ላይ፣ ለምርቃቱም ለቁንጥጫውም ብዙ የማልታወስ።

ትምህርት ቤት የተዘጋው መጋቢት ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ የቡናው አበባ ነጭ ሆኖ በፈነዳበት ሰሞን ነበር። መጀመሪያ ደስ አለን፣ እውነቱን ለመናገር ከደስታም አልፎ ጨፈርን፣ ዩኒፎርማችንን አጥፈን ሳጥን ውስጥ ከተን ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ስንራወጥ ዋልን። ቀስ በቀስ ግን የሰዉ ነገር እንግዳ ሆነብን፣ ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዞ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የጎረቤቱን ደህንነት ሳይጠይቅ የማይላቀቀው የጅማ ሰው በክርን መነካካት ጀመረ፣ መስጊዱ ተዘጋ፣ አባም ቤት መስገድ ለመደ።

ክረምቱ ሲገባ ሐጂ ነስሩ ሞቱ። ሐጂ ነስሩ የአባ የልብ ወዳጅ ነበሩ፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት መልስ በራችን ላይ ተቀምጠው ከአባ ጋር ስለ ቡና ሲከራከሩ የማያመሹበት ቀን አልነበረም። አንድ ማለዳ እያሳላቸው ሆስፒታል ሄዱ፣ አልተመለሱም። ጀናዛቸውን ላስቲክ የለበሱ ሰዎች ይዘውት ሄዱ፤ አባ የወዳጁን ጀናዛ መሸከም ቀርቶ መቅረብ እንኳ ሳይፈቀድለት ከሩቅ በዝናብ ቆሞ አይቶ ተመለሰ። የዚያን ዕለት ቤት ሲገባ ያየሁት ፊት የአባ አይመስልም ነበር። ከዚያ በኋላ በረኪና ቤታችንን ወረሰው፣ የበሩ እጀታ፣ የወንበሩ መደገፊያ፣ የተገዛው ቲማቲም፣ በመጨረሻም ጆንያው ሳይቀር በበረኪና ይታሽ ጀመር፣ አንድ ነጋዴ እንዲያውም «ቡናህ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» ብሎ ጭነት መልሶበታል። ሃያትን ደግሞ ከከተማው ትራቅ ብሎ ሊሙ ገነት አዳዳ ዘይነባ ዘንድ ላካት። አዳዳ የምንላት የአባን ታላቅ እህት ነው።

ጥቅምት ሲብት ቡናው ቀላ፣ በዚያው ሰሞን ሬዲዮው ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው አለ። እኛ ሠፈር ያለው ትምህርት ቤት ወላጆችን ሜዳ ላይ ሰበሰበ፣ እናቴም እኔን ይዛኝ ሄደች። ርዕሰ መምህሩ ተማሪው ተከፍሎ በፈረቃ እንደሚገባ፣ ወንበር ላይ አንድ አንድ ልጅ እንደሚቀመጥ፣ ማስክ የሌለው በር እንደማያልፍ አስረዱ፤ ወላጁ ግን እርስ በርሱ ተያየ። ግማሹ የቡና ለቀማ ይለፍ አለ፣ አንዲት እናት ደግሞ «ልጄን ቤት አስቀምጬ ለባል ላሳድጋት ነው?» አሉና ተቀመጡ። እናቴ መንገዱን በሙሉ አልተናገረችም፣ ቤት እንደገባን ግን ማስኳን ሳታወልቅ አባ ፊት ቆመች።

«ሁሉም ይሂዱ» አለች። «አብዲ እኮ ሀሁን ረስቷል። ትናንት ስሙን ጻፍ ብለው አለቀሰብኝ።»

«ሐጂ ነስሩን ረሳሽ?»

«አልረሳሁም። አንተ ግን እሳቸውን ስታስብ እነዚህን ረሳህ።»

አባ ተነሥቶ ወደ መጋዘኑ ሄደ። በማግስቱ ጁምዓ ነበር፣ መስጊዱ ተከፍቶ ስለነበር ሰግዶ መጥቶ መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጠ፣ ያንን ብረቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በጨርቅ ይወለውላል። እናቴን ጠራት፣ እኔም አብዲን እጁን ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ።

«ኤጋ እንግዲህ፣ አስቤበታለሁ» አለ። «ሁሉንም አንዴ አልጭንም። መጀመሪያ አንዷ ትሂድ፣ እንይ። ደህና ከሆነች፣ ኢንሻአላህ፣ ሌሎቹ ይከተላሉ።»

«አንዷ ማለት?» አለች እናቴ።

አባ ቀና ብሎ አየኝ። «ሰሚራ ናታ። የመሃሏ።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች፣ እኔ ደግሞ ያ ብረት የገባው ጆንያ ውስጥ ሳይሆን እኔ ጎን ውስጥ መሰለኝ። ወራት ሙሉ ትምህርት ቤት ናፍቆኝ ነበር፣ ሂጂ ስባል ደግሞ የአብዲን እጅ አጥብቄ ያዝኩ። ናሙና የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ሰው ይፈለፍለዋል፣ ይቆላዋል፣ ይፈጨዋል፣ ጠጥቶ ይተፋዋል፣ ተመልሶ ጆንያው ውስጥ ሲገባ ግን አይቼ አላውቅም።

«ሰውዬ፣ ልጅ ናት እኮ፣ ቡና አይደለችም» አለች እናቴ በመጨረሻ።

«ጠንካራ ናት። ታማ አታውቅም» አለ አባ፣ ለእናቴ ሳይሆን ለብረቱ የሚናገር ይመስል ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሄድኩ። እናቴ ከአሮጌ ሻሿ ማስክ ሰፋችልኝ፣ ጠዋት ስወጣ አባ በር ላይ ቆሞ ግንባሬን ይዳስሳል፣ ምላሴን ያያል፣ እጄን እያገላበጠ ጥፍሬን ይመረምራል፣ ማታ ስመለስ ደግሞ ጓሮ ባለው ቧንቧ ታጥቤ፣ ዩኒፎርሜን በረኪና ውስጥ ነክሬ፣ ለብቻዬ በተቀመጠልኝ ሳህን በልቼ መጋዘን እገባ ነበር። ፍራሼ በጆንያዎቹ መካከል ተነጥፎ ነበር። ሰማያዊው ዩኒፎርሜ በበረኪናው ብዛት ነጭ ነጭ ጣል ጣል አለበትና ክፍል ውስጥ ጅግራ አሉኝ፣ በዚህ እንኳ አልከፋኝም፣ ትምህርቱ ደስ ይለኝ ነበር። የሚከፋኝ ሃያትን ሳስብ ነበር። እሷ ሊሙ ቁጭ ብላ ንጹሕ አየር ትተነፍሳለች፣ እኔ ለሙከራ ተልኬአለሁ፤ አባ ማንን እንደሚወድ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያሻል እያልኩ ፊቴን ወደ ጆንያው አዙሬ አለቅስ ነበር።

ኅዳር ላይ አሳለኝ። መጋዘኑ አዲስ በገባ ጀንፈል እስከ ጣሪያው ሞልቶ ነበር፣ ጠዋት ስነቃ ሳሉ ያዘኝና አልለቅ አለኝ። እናቴ ማስክ ሳታደርግ ሮጣ ገብታ አቀፈችኝ። አባ ግን በሩ ላይ ቀረ፣ አንድ እጁ መቃኑን ይዞ፣ ከንፈሩ ዱዓ እያደረገ፣ ፊቱ የሐጂ ነስሩ ቀን የነበረውን ፊት ሆኖ። አሳዘነኝ፣ ደግሞም አስፈራኝ፣ እኔ ከታመምኩ ሃያትም አብዲም ትምህርት እንደሚቀርባቸው አውቅ ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ መሰለኝ።

«አባ፣ ናሙናው ተበላሸ?» አልኩት።

አባቴ ያለበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። ሰው በጥፊ ሲመታ እንደሚያደርገው ጉንጩን ያዘ፣ ከዚያ ተነሥቶ ገባ፣ ከእናቴ እቅፍ ወስዶ እንደ ሕፃን ተሸክሞኝ ወደ ቤት ሊወስደኝ ሲል ከጆንያዎቹ የተነሣው ብናኝ እሱንም ያዘውና ሁለታችንም እየሳልን ወጣን። ግቢው ውስጥ ንጹሕ አየር ሲያገኘን የሁለታችንም ሳል ተወን። የገለባ አቧራ ነበር። አባ ደጃፉ ላይ እንደያዘኝ ቆሞ ሳቀ፣ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ ያየሁትም ነገር አላጽናናኝም፣ አስደነገጠኝ።

«በቃ» አለ ለእናቴ። «ሁሉም ይሂዱ። ሃያትንም አሁን ደውዬ አስመጣታለሁ።»

ወዲያው ሊሙ ደወለ። የአዳዳ ድምፅ ከስልኩ ውጪ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ወንድሜ፣ እኔም ልደውልልህ ነበር። ሃያት ታጭታለች። የልጁ ቤተሰብ ደህና ሰዎች ናቸው፣ ቡናቸውም ብዙ ነው። ሽማግሌዎቹ በዚህ ሳምንት ወደ አንተ ይመጣሉ።»

በማግስቱ አባ እኔን ይዞኝ በሚኒባስ ሊሙ ገነት ወረደ፣ ለምን እኔን እንደመረጠ አልነገረኝም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ለቃሚዎች ነበሩ፣ እኩዮቼ የሆኑ ብዙ ልጆች ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው፣ ትምህርት ቤት መከፈቱን የሰሙም አይመስሉ። ሃያትን አዳዳ ግቢ አገኘናት፣ ጣቶቿ በቡና ፍሬ ጭማቂ ጠቁረዋል፣ አድጋለች፣ ሻሿን እንደ ትልልቅ ሴቶች አስራለች። አባ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ጠየቃት።

«ማን አስገደደሽ? ንገሪኝ ብቻ።»

«ማንም አላስገደደኝም። ጠየቁኝ፣ እሺ አልኩ።»

«ዋላሂ፣ አንቺ? ዶክተር እሆናለሁ ስትዪ የነበርሽው?»

ሃያት እኔን አየችኝ፣ ነጭ ነጭ ጣል ያለበትን ዩኒፎርሜን አየች፣ ለብሼው ሄጄ ነበር።

«ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰሚራን ላክህ» አለች። «እኔ በየቀኑ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር፣ ይመጣል እያልኩ። ስትቀር ጊዜ፣ ሃያትስ የተማረችው ይበቃታል ብሏል ብዬ ተውኩት።»

«ከሁሉ በላይ ስለምሳሳልሽ ነው ያስቀረሁሽ» አለ አባ።

«አልነገርከኝም፣ አባ።»

እኔ መሃላቸው ቆሜ ሁለቱንም ሰማሁ። ሌሊቱን ሁሉ ፊቴን ወደ ጆንያ አዙሬ የቀናሁባት እህቴ፣ በዚያው ሌሊት ሊሙ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በእኔ ትቀና ነበር። እኔ ስለማላስፈልገው የላከኝ መስሎኝ፣ እሷ ስለማታስፈልገው ያስቀራት መስሏት። አባ ለመናት፣ አዳዳን ተቆጣት፣ ሽማግሌ እንመልሳለን አለ። ሃያት ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ አለች፣ እሷ ደግሞ ቃል ከሰጠች ሰጠች ነው። ጥር ላይ ኒካው ታሰረ። ሠርጉ ላይ አብዲ ማር የነካው ጣቱን እየላሰ ሲጨፍር ትዝ ይለኛል፣ አባ ግን ከእንግዶቹ ይልቅ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ።

አሁን እኔ አስተማሪ ለመሆን እየተማርኩ ነው፣ ሀሁን ረስቶ የነበረው አብዲም አድጎ ስሙን በየግድግዳው ላይ ይጽፋል። ዘንድሮ ሃያት ትንሿን ልጇን ኢክራምን ይዛ መጣች፣ እኛ ዘንድ ሆና መዋዕለ ሕፃናት እንድትገባ። የመጀመሪያው ጠዋት አባ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ጉልበቱ እያመመው፣ ደጃፉ ላይ ከልጅቷ እኩል እስኪሆን ዝቅ አለና ጠየቃት፤ ትምህርት ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ፣ የማትፈልጊ ከሆነ ንገሪኝ፣ የምልክሽ ስለምወድሽ ነው፣ ብትቀሪም የምትቀሪው ስለምወድሽ ነው። ኢክራም ረጅም ጊዜ አሰበች፣ እሱም ጠበቃት፣ ጉልበቱን እያሸ። በመጨረሻ ጫማዋን ወደ እሱ ዘረጋችለት፣ እሱም አሰረላትና እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ያኔ እኔን በብረቱ ላይ አቀርቅሮ ነበር የላከኝ፣ ሃያትን ደግሞ አንድ ቃል ሳይናገር ነበር ያስቀራት።

ሃያት ከጎኔ ቆማ የተሳፈሩበት ባጃጅ እስኪሰወር ታያቸው ነበር። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም።

«እንዲህ ቢጠይቀኝ ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ልሂድ ነበር የምለው።»