ስንጥቅ ፈላጊው

ረቢያ በጎባ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር እርጎ ስትሸጥ ያንን መካኒክ በየጠዋቱ ታየዋለች። ቱታው በዘይት የጠቆረ፣ ጥፍሩ ግን ሁልጊዜ የጸዳ ወታደር ነው። «አካም ቡልቴ?» ብላ እንዴት አደርክ ስትለው ኦሮምኛ እንደማይሰማ ሰው እርጎውን ተቀብሏት ይሄዳል።

ዛሬ ከአጥሩ ብዙም ሳይርቅ የሄሊኮፕተሩን መሪ ዘንግ ፈትቶ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር አብራሪው ሻምበል መጣበት።

«ሽፍቶች ገሰራ ገብተዋል፤ ከተማውን ለመደብደብ አሁኑኑ እንነሳለን። አልጨረስክም?»

ረቢያ ገሰራ ሲባል ሰምታ ቅሏን መሬት አስቀመጠች።

«ዝገት መስሎኝ ነው፣ ጌታዬ። ስንጥቅም ካለበት መብረር ክልክል ነው።»

ዘንጉን እንደገና አገላበጠው። የጠፋ ልጁን የሚፈልግ እንጂ ብረት የሚመረምር አይመስልም ነበር።

«አለ ወይስ የለም?»

መካኒኩ መነጽሩን ዳግም ወደ ዘንጉ አስጠጋ። ሻምበሉ መነጽሩን ነጥቆ ራሱ ተመለከተ።

«ንጹሕ ነው። ግጠመው!»

ገጠመው። እያንዳንዱን ብሎን እንደ ደንቡ አጠበቀ። ሄሊኮፕተሩ አቧራውን አስነስቶ ወደ ገሰራ ሲያቀና፣ ሰውዬው አጥሩ ድረስ መጥቶ ሽቦውን ያዘ።

«ገሰራ ማን አለሽ?» አላት፣ እዚያው ተወልዶ ባደገ ሰው ኦሮምኛ።

«እናቴ።»

«የእኔም» አለ።